ቆማ የጠበቀችው ነርስ

የሰልዋን ሞት የነገረኝ አብዲረሺድ ነው። የላቦራቶሪው በር ላይ ሲቆም እንደ ወትሮው «ውጤት ደረሰ?» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን አወለቀና «ያቺ ሴትዮ አረፈች» አለኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅሁም። በክሊኒካችን «ያቺ ሴትዮ» የምትባል አንዲት ብቻ ነበረች።

አብዲረሺድ የክሊኒኩ ባለቤት ነው። ከሰልዋ ጋር ያልተጣላበት ወር አልነበረም። ያን ዕለት ግን ግድግዳው ላይ ተደግፎ «ከሰዓት እንዘጋለን፤ ለቅሶ ቀብሪበያ እንሄዳለን» አለ። ጅግጅጋ የሚገኘው ያ ክሊኒክ በሥራ ቀን ሲዘጋ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ሰልዋ የመን ውስጥ ኤደን በምትባለው የወደብ ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። አባቷ የመናዊ፣ እናቷ ሶማሌ ነበሩ። ነርስነት እዚያው ተምራ፣ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታለች። ጦርነቱ ሆስፒታሉን ባዶ ሲያደርገው በጀልባ ወደ በርበራ ተሻገረች። ከዚያ በሐርጌሳ አድርጋ ወደ እኛ ገባችና ከጅግጅጋ ወጣ ብላ ባለችው ቀብሪበያ ከተማ የምትኖረው የእናቷ እህት ቤት አረፈች። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና በፕላስቲክ የተጠቀለለ ዲፕሎማዋን ነው።

መጀመሪያ ያየኋት ሥራ ልትጠይቅ ክሊኒካችን የመጣች ዕለት ነው። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ወንበር አሳየቻትና ባለቤቱ እስኪመጣ ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ ነገረቻት።

«ቆሜ ነው የምጠብቀው» አለች ሰልዋ፣ ዓረብኛ ዓረብኛ በሚል ሶማሊኛ። «ከተቀመጥኩ ትረሱኛላችሁ።»

እውነትም ቆመች። ኮሪደሩ መሃል፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ። ሰው ሁሉ እየዞራት ነው የሚያልፈው። ሽንት ይዞ ወደኔ የሚመጣውም፣ መድኃኒት ይዞ የሚወጣውም «ይቅርታ» እያለ ያልፋታል። አብዲረሺድ ሲመጣ መንገዱ ላይ ስላገኛት ሳያናግራት ማለፍ አልቻለም።

ዲፕሎማዋን አየና ደስ አለው። የኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድ እንዳላት ጠየቃት። እንደሌላት ስትነግረው እጁን ወዘወዘ፤ «ችግር የለም። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ ሌላዋ ነርሳችን ትፈርማለች። ሁሉም ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«በሽተኛው ቢሞትስ? ማን ገደለው ሊባል ነው? እሷ?»

«አላህ አይበለው። ማንም አይሞትም።»

«ቢድንስ? ማን አዳነው ሊባል ነው?»

ሰልዋ አንድ ጣቷን ወደ ላይ አቁማ «ማያ» አለች። በሶማሊኛ «አይሆንም» ማለት ነው። ያን ቃልና ያን ጣት ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም። «እኔ የራሴ ስም አለኝ። ፈቃዴ እስኪወጣ ፈቃድ የማይጠይቅ ሥራ ስጠኝ።»

ካርድ ክፍል ገባች። ዓረብኛም ሶማሊኛም ስለምትችል አብዲረሺድ ከሰረ አይባልም። የሚገርመኝ ግን ያሰመረችው መስመር ነው። ካርድ ታወጣለች፣ ታስተረጉማለች፣ አሮጊት ደግፋ ታስገባለች፤ መርፌ ግን በእጇ አትነካም። በሽተኞቹ አያያዟን ሲያዩ ነርስ መሆኗን ያውቃሉ መሰለኝ፣ «ሲስተር» ይሏታል። እኔም አንድ ቀን እንደዚያው ብዬ ጠራኋት።

«ኤዶ በለኝ» አለችኝ። አክስት እንደማለት ነው። «ሲስተር የምትለኝ መንግሥትህ ካለኝ በኋላ ነው።»

አማርኛ የለመደችው ከክሊኒኩና ከሚኒባስ ነው። በዕድሜ ትልቄ ስለሆነች መጀመሪያ «እርስዎ» ስላት፣ ሌላ ሰው ጠርቼ መስሏት ዞር ብላ ፈለገች። ከዚያ ወዲያ «አንቺ» አልኳት። እሷ ደግሞ ወንድ ሴት ሳትለይ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነበር የምትለው።

ፈቃድ የማውጣቱ ነገር ቀላል መስሎን ነበር። አዲሱ ሕግ ስደተኛም መሥራት ይችላል ብሏል ሲባል ሰምተናል። ጤና ቢሮ ጉዳዩን የያዙት ወይዘሮ ፎዚያ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ የሚያነቡ ሴት ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። በሐሰተኛ ዲፕሎማ የተቀጠረ ሰው የሠራውን ጥፋት በዓይናቸው አይተዋል ይባላል። የሰልዋን ወረቀት ገልብጠው አዩና፣ ማረጋገጫው በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ መምጣት እንዳለበት ነገሯት።

«ትምህርት ቤቱ ላይ ቦምብ ወድቋል» አለቻቸው።

«አዝናለሁ። ግን ከትምህርት ቤቱ ነው መምጣት ያለበት። እሱ እስካልመጣ ድረስ ነርስ መሆንሽን የሚያሳይ ነገር እጄ ላይ የለም።»

ሰልዋ ይህን ዓረፍተ ነገር ልቅም አድርጋ ያዘችው። ወደ ክሊኒክ ስትመለስ ለኔ ደገመችልኝ። ማታ ለአክስቷም ደግማላት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ስልክ መደወል ሆነ ሥራዋ። በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪዬ ትመጣና፣ ጸጥ ያለው ክፍል እሱ ስለሆነ፣ ኤደን ትደውላለች። ይጠራል። የሚያነሳ የለም። ስልኩን ትዘጋና «ነገ» ትላለች። ወሬው ከተማ ውስጥ ሲሰማ አንድ ሰውዬ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መጥቶ፣ የፈለገችውን ማህተም፣ የኤደንንም ቢሆን፣ ሊያሠራላት እንደሚችል በሹክሹክታ ነገራት። ሰልዋ ግን በሹክሹክታ አልመለሰችም። በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ፣ በመጨረሻም በዚያ አማርኛዋ «ሌባ! አንተ ሌባ!» እያለች ኮሪደሩን አናወጠችው። ሰውዬው ጫማው እስኪወልቅ ሮጠ።

እኔ ግን አዘንኩላት። «ኤዶ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። አንቺ እውነተኛ ነርስ ነሽ፤ ወረቀቱ ቢገዛ ማንን ይጎዳል?» አልኳት።

አየችኝ። ስትናደድ አገጯን ከፍ ታደርጋለች። «እውነተኛውን የያዘ ሰው ለምን ብሎ ነው ውሸቱን የሚገዛ? የኔን ትምህርት ሌባ ነው የሚመሰክርልኝ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አንድ ቀን ስልኩ ተነሳ። ሰልዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ያነሳው የግቢው ጥበቃ ነው። ሬጅስትራሩም መምህራኑም እንደሄዱ፣ እሱና ድመቶች ብቻ እንደቀሩ ነገራት። እሷም ስሙን ጠየቀችው፣ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀችው፣ በመጨረሻም የሬጅስትራሩን ቤት ፈልጎ እንዲያገኝላት አስማለችው። ስልኩን ስትዘጋ እየሳቀች ነበር። «ድመቶቹ ወፍረዋል አለኝ» አለችና ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጥበቃው ሬጅስትራሩን ሳያገኝ ብዙ ጊዜ አለፈ። በዚህ መሃል ነው የሚኒባሱ ነገር የተፈጠረው።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ቀብሪበያ ለከፈተው ሱቅ ዕቃ አድርሼ ስመለስ ከሰልዋ ጋር አንድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከኋላችን ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። መንገዱን ካጋመስን በኋላ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች። ሰልዋ አንገቷን እንኳ ሳታዞር «ሹፌር፣ አቁም» አለች።

«ጅግጅጋ ደረስን እኮ፣ ኤዶ።»

«ልጁ ቀድሞ ደርሷል። አቁም!»

ወንዶቹ ሁላችንም ወርደን ጀርባችንን ሰጥተን ሜዳው ላይ ቆምን። ሴቶቹ ሻርፓቸውን በመስኮቶቹ ላይ ወጠሩ። ሳሙና ጅግጅጋ ወስዶ ሊሸጥ የጫነ ነጋዴ ካርቶኑን በጥርሱ ቀዶ ከፈተ፤ ውሃ የያዘ ውሃውን አቀበለ። ከውስጥ የሰልዋ ድምፅ ይሰማኛል። እኔ የማውቀው ድምፅ ግን አይደለም። ቀስ ያለ፣ ለስላሳ፣ «ሃዬ፣ ሃዬ፣ የኔ እናት፣ አሁን ተንፍሺ፣ አሁን አትግፊ» የሚል ነው። ይህቺ ሴት ይህን ሁሉ ጊዜ ካርድ ክፍል ውስጥ ምን ይዛ እንደተቀመጠች ያን ጊዜ ገባኝ።

ሕፃኑ ሲያለቅስ ነጋዴው ሳሙናውን እንደያዘ «አላሁ አክበር» አለ። ባልየው ምላጭ አውጥቶ እትብቱን ሊቆርጥ ሲጠጋ እጁን መታችው። «ንፁህ ነገር የለንም። እንዳለ ይቆያል» አለች። ልጁን እናቱ ደረት ላይ አስተኝታ በሻርፕ ጠቀለለችውና ሹፌሩን «አሁን ሂድ። እንቁላል እንደጫንክ አድርገህ ሂድ» አለችው።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ነርስ ማን እንዳዋለዳት ጠየቀች።

«እኔ» አለች ሰልዋ።

«እርስዎ ምንድን ነዎት?»

«ፈቃድ የሌላት ነርስ።»

ነርሷ እንደተባለችው ጻፈች። እኔ የሰልዋን እጅጌ ጎተትኩ፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። ስንወጣ «ተሳፋሪ ነኝ ብትይ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ተሳፋሪማ አንተም ነበርክ። አዋለድክ?»

የፈራሁት አልቀረም። ነርሷ የጻፈችው ነገር ጤና ቢሮ ደርሶ ሰልዋ ተጠራች። ከመኪናው ተሳፋሪዎች አንዱ ስለነበርኩ ምስክር ብትፈልግ ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ወይዘሮ ፎዚያ ሁልጊዜ በሶማሊኛ ነበር የሚያናግሯት፤ ነገሩ መደበኛ ሲሆን ግን ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ያን ዕለት ከሰላምታው ጀምሮ አማርኛ ነበር።

«ያለ ሙያ ፈቃድ ማዋለድሽ ሪፖርት ተደርጓል።»

«እውነት ነው።»

«ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ሕፃኑን ምን ልበለው? ክልክል ነው፣ ተመለስ?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወይዘሮ ፎዚያ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ይሄ ቀልድ አይደለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እሰጥሻለሁ።»

«ጻፍ!» አለች ሰልዋ፣ በቆመችበት ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀርባ። «አንተ ጻፍ። ግን ባለፈው ምን አልከኝ? ነርስ መሆንህን የሚያሳይ የለም አልከኝ። ዛሬ ያለ ፈቃድ የነርስ ሥራ ሠራህ አልከኝ። ነርስ ካልሆንኩ መንገድ ላይ ሴት የረዳሁ ሴት ነኝ፤ አመስግነኝ፣ ቤቴ ልሂድ። ነርስ ከሆንኩ ፈትነኝ! አንዱን ምረጥ!»

ወይዘሮ ፎዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«‹ምረጪ› ነው የሚባለው» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ፣ ምረጪ!»

አልሳቁም፤ ግን ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ወደ ሶማሊኛ ተመለሱና ማስጠንቀቂያውን መጻፋቸው እንደማይቀር፣ ከእሱ ጋር ግን ሌላ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ እንደሚጽፉ ነገሯት። ትምህርት ቤቷ በጦርነት ምክንያት መልስ መስጠት ያልቻለ ባለሙያ እንዴት እንደምትስተናገድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ሰልዋ አመስግና የምትወጣ መስሎኝ ነበር። «ማስጠንቀቂያው ላይ እናትም ልጅም ደህና ናቸው ብለሽ ጨምሪ» አለች። ጨመሩላት።

አዲስ አበባ የሄደችው ብቻዋን ነው። በስልክ እንደነገረችኝ እዚያም ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። «ወንበር የለም?» ስላት «ሞልቷል» አለችኝ። «ግን እዚህ የሚያልፉት ሰዎች ረጃጅም ናቸው። ዓይናቸውን ማየት እፈልጋለሁ።» አብረዋት ተምረው በሌላ አገር ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩ ጓደኞቿ ምስክርነት ጻፉላት። የኤደኑ ጥበቃም ቃሉን ጠበቀ፤ ሬጅስትራሩ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ተገኘና ማረጋገጫውን ላከ። ኮሚቴ ፊት ቀርባ ተጠየቀች። ለፈተና እንድትቀመጥ ተፈቀደላት።

ወደቀች።

ውጤቱን ያየችው ከኔ ጋር ሆና ነው። ማጽናኛ ፈልጌ «ፈተናው ተንኮል ነው፤ አንቺን የሚመዝን አይደለም» አልኳት።

«ማያ» አለች። «ፈተናው ልክ ነው። ስለ ማዋለድ የጠየቀኝን ሁሉ መልሻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምን ትሠራለች ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ዝም አልኩ። የክትባት ቅደም ተከተላችሁን አላውቅም። አገሩን ሳላውቅ ነው የአገሩን ሰው ላክም የመጣሁት?»

ይህን ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም። ለቢሮ የማትንበረከክ ሴት ለፈተናው እጅ ሰጠች። ከዚያ በኋላ በዕረፍት ቀኗ ቀብሪበያ ውስጥ ከኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ከቤት ቤት መዞር ጀመረች። ልጆቿ የሚሆኑ ሴቶች ናቸው፤ ከኋላቸው እየተከተለች ትጠይቃለች። ከሥራ በኋላ ደግሞ ላቦራቶሪዬ ውስጥ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። አብዲረሺድ መብራቱን አጥፉልኝ ይላል፣ ከዚያ ሻይ ይልካል።

ሁለተኛው ላይ አለፈች። ፈቃዷ የወጣ ዕለት ክሊኒክ መጥታ እልል የሚሉትን ሴቶች ዝም አሰኘችና፣ የጀመረችውን ካርድ ጨርሳ ወደ አብዲረሺድ ቢሮ ገባች። ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዋና ነርስ ሊያደርጋት ደመወዙን ሳይቀር ነገራት።

«ቅጠረኝ ብዬ አይደለም ያሳየሁህ» አለችው። «እንድታየው ነው። ጅግጅጋ ነርስ ሞልቷል። እኔ ደምበል እሄዳለሁ።»

ደምበል በምትባለው የክልላችን ገጠር ወረዳ የሚገኘውን የእናቶች ክፍል የሚደግፍ አንድ ድርጅት ቀጥሯት ነበር። ሙቀቱንና መንገዱን ፈርቶ ብዙ ሰው የማይቆይበት ቦታ ነው። አብዲረሺድ ተቆጣ፣ ምስጋና ቢስ አላት። ከዚያ ራሱ መኪና ፈልጎ ሻንጣዋን አስጫነላት።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እዚያው ደምበል ነው። ለጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ኬሚካል ይዘን ሄደን ነበር። ግቢው ስገባ ድምፅዋን ከሩቅ ሰማሁት። ነጭ ጋውኗን ለብሳ በስልክ እየተጣላች ነው፤ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ውሃ ካልገባ ሴቶቹን ይዛ ድርጅቱ ቢሮ እንደምትመጣና እዚያ እንደምታዋልድ ለአለቃዋ ታስረዳለች። ስልኩን ዘግታ ስታየኝ ሳቀች። በጣም ከስታ ነበር። ጋውኑ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለ ነበር የሚመስለው።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

«ስሙን ነግረውኛል። እኔ ግን አልወደድኩትም።»

አገጯን ከፍ አደረገች።

«ፊትህን አስተካክል። በሽተኛ ፊት እንዲህ ዓይነት ፊት ይዘህ ነው የምትቀርበው? አዲስ አበባ ሂጂና ታከሚ ብለውኛል፤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን የሚተካኝ ሰው ይላኩ። ክፍሉን ቆልፌ አልሄድም።»

ውሃው ገባ። የምትተካትም ሴት ተላከች። ከዚያ በኋላ ነው የሄደችው። ሕክምናው ጥቂት ወር አቆያት፤ በመጨረሻ አክስቷ ቤት ቀብሪበያ ተመልሳ አረፈች።

ለቅሶው ላይ ከደምበል ድረስ በጭነት መኪና የመጡ ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ ልጅ አዝለዋል። አብዲረሺድ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ «እኔ ጋ ነበር የምትሠራው» ይላል። እንዴት እንደተጣሉ ግን አይናገርም። ልወጣ ስል ወይዘሮ ፎዚያን በር ላይ አገኘኋቸው። በሶማሊኛ ተጽናናን። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለፈው አንድ ወጣት መጣ» አሉኝ። «ነርስ ነው፣ ካርቱም የተማረ። እሱንም ጦርነት ነው ያባረረው። ማረጋገጫው ከትምህርት ቤቱ መምጣት አለበት አልኩት። ‹እሺ፣ አመሰግናለሁ› ብሎ ወጣ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ደሜ ፈላ። ጥበቃውን ልኬ ከውጭው በር አስመለስኩት። ‹ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ እሺ ብለህ ነው የምትሄደው? ተከራከረኝ እንጂ!› አልኩት።»

«ተከራከረ?»

«መጀመሪያ ፈርቶ ነበር» አሉ መኪናቸው ውስጥ እየገቡ። «አሁን ግን በየሳምንቱ እየመጣ ያደርቀኛል።»